የሞኖኮትና የዳይኮት ስላይድ ሳጥን፦ ለባዮሎጂ ክፍል የሚበቃውና የማይበቃው

በትምህርት መርጃ መሣሪያ መደብሮች የሚሸጠው የሞኖኮትና የዳይኮት፣ ማለትም በዘራቸው ውስጥ አንድ ክክ ያላቸውና ሁለት ክክ ያላቸው ተክሎች፣ ማነጻጸሪያ የስላይድ ሳጥን በመጠኑ አነስተኛ፣ በይዘቱ ግን ብዙ የሚያስተምር ዕቃ ነው። በውስጡ 12 የተዘጋጁ ስላይዶች፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ በመስታወት ላይ የተለጠፉ የተክል ናሙናዎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ የበቆሎና የፈረንጅ ሱፍ ግንድ፣ የበቆሎና የራነንኩለስ (በእርጥብ ሜዳ የሚበቅል ዳይኮት) ሥር፣ የበቆሎና የባቄላ ቅጠል፣ የስንዴና የባቄላ የቅጠል ልጣጭ፣ የበቆሎ ፍሬና የካፕሴላ (የጎመን ዘመድ የሆነ ትንሽ ተክል) ዘር፣ በመጨረሻም የሊሊና የፈረንጅ ሱፍ የአበባ ዱቄት። ከስላይዶቹ ጋር ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ ተክሎች የሚለያዩባቸውን ነጥቦች በሠንጠረዥ የሚዘረዝር፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት ይመጣል።

ሳጥኑን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ተጠቅሜበታለሁ፤ ፍርዴንም ከመነሻው ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። የግንዱና የሥሩ ስላይዶች ጥሩ ናቸው፤ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ተስሎ የማይገባ ነገር በእነርሱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባል። የቅጠሎቹ ስላይዶች ግን ያለ መምህር ማብራሪያ ከተሰጡ ተማሪውን ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ይወስዱታል። ሠንጠረዡ ደግሞ መታረም አለበት። የእነዚህ ጉድለቶች ምንጭ አንድ ነው፦ ሳጥኑ «ሞኖኮት» ብሎ የሚያቀርበው ከአንዱ የሊሊ ስላይድ በቀር ሁሉም የሣር ቤተሰብ ነው። በቆሎና ስንዴ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሣር ቤተሰብ 12 ሺህ ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት የሞኖኮት ዝርያዎች በጠቅላላው ከ60 እስከ 70 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ከእነርሱም መካከል ትልቁ ቤተሰብ የኦርኪዶች ነው። ስለዚህ በቆሎን ብቻ ያየ ተማሪ ሣር ምን እንደሚመስል ያውቃል እንጂ ሽንኩርት፣ እንሰት፣ እሬት፣ ጎደሬና ዘንባባ ከበቆሎ ጋር በአንድ ክፍል የተመደቡበትን ምክንያት አያውቅም።

ከጠንካራው ጎን እንነሳ። የፈረንጅ ሱፍ ግንድ ስላይድ አግድም ከተቆረጠ ለጋ ግንድ የተዘጋጀ ሲሆን በሳፍራኒንና በፋስት ግሪን ቀለም ተነክሯል፤ እንጨትነት ያላቸው የሕዋስ ግድግዳዎች ቀይ፣ ስስ ግድግዳ ያላቸው ደግሞ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። በዝቅተኛው ማጉያ፣ ማለትም በ40 እጥፍ ሲታይ፣ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች በጥቅል በጥቅል ሆነው ግንዱን በአንድ ቀለበት ዙሪያውን ከብበውታል። ማጉያው ወደ 100 እጥፍ ከፍ ሲል የአንዱ ጥቅል ውስጣዊ አሠራር ይገለጣል፦ በውጭ በኩል ቀይ የቃጫ ሕዋሳት ክምር አለ፤ ከእርሱ በታች ምግብ የሚያመላልሰው አረንጓዴውና ጥቃቅኑ ፍሎየም ይከተላል፤ ወደ መሐል በኩል ውኃ የሚያወጡት ሰፋፊ ቀያይ የዛይለም ቱቦዎች ይታያሉ። በፍሎየሙና በዛይለሙ መካከል ደግሞ ጠፍጣፋ ሕዋሳት በሥርዓት የተደረደሩበት ቀጭን መስመር አለ። ይህ መስመር ግንድን የሚያወፍረው ካምቢየም ነው። በስላይዱ ላይ ያለው ቀለም ጥርት ያለ ስለሆነ ካምቢየሙን ለማግኘት ተማሪው ብዙ አይደክምም፤ በርካሽ ስላይዶች ላይ ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ተቀዳዶ ወይም ደብዝዞ ስለሚገኝ የአዘጋጁ ጥንቃቄ ሊመሰገን ይገባዋል።

የበቆሎው ግንድ በአጠገቡ ሲቀመጥ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታያል። ጥቅሎቹ በቀለበት አልተደረደሩም፤ በግንዱ ሙሉ ገጽ ላይ ተበትነዋል። ወደ ቅርፊቱ በቀረቡ መጠን ትናንሽና ብዙ ይሆናሉ፤ ወደ መሐል ሲገባ ደግሞ ተለቅ ያሉና የተራራቁ ናቸው። አንዱን ጥቅል አጉልቶ ለሚያይ ተማሪ የሰው ፊት ይመስለዋል፤ ሁለቱ ትላልቅ የዛይለም ቱቦዎች ዓይኖቹ፣ ከሥራቸው ያለው ክፍት ቦታ አፉ፣ ከላይ ያለው ፍሎየም ግንባሩ ይሆናል። በጥቅሉ ዙሪያ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የቃጫ ሕዋሳት አሉ፤ ካምቢየም ግን የለም። የበቆሎ አገዳ ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነው ጥቅሎቹ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚጠጋጉ ነው። ሸንኮራ አገዳ ሲታኘክ ጣፋጩ ውኃ ከተመጠጠ በኋላ የሚተፋው ቃጫም በአብዛኛው እነዚሁ ጥቅሎች ናቸው፤ ተማሪዎች ስላይዱን ካዩ በኋላ ይህ ሲነገራቸው ወዲያውኑ ይገባቸዋል፣ ዳግመኛም አይረሱትም።

ሆኖም እዚህም አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ከሣር ቤተሰብ ውስጥ እንኳ የስንዴና የገብስ ግንድ መካከሉ ክፍት ስለሆነ ጥቅሎቹ በጠርዙ አካባቢ በሁለት ቀለበት ተደርድረው ይገኛሉ። ከእርሻ የመጣ ልጅ የስንዴ አገዳ በምላጭ ቆርጦ ሲያይና ሠንጠረዡ ካለው ጋር አልገጥም ሲለው፣ ስህተቱ የእርሱ እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል። ወሳኙ ጥያቄ ጥቅሎቹ ተበታትነዋል ወይስ ተደርድረዋል ከሚለው ይልቅ በጥቅሉ ውስጥ ካምቢየም አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ስለ ካምቢየም ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ካምቢየምን ያሳያል እንጂ የሚሠራውን አያሳይም። ካምቢየም በየጊዜው እየተከፋፈለ ወደ ውስጥ ዛይለም፣ ወደ ውጭ ፍሎየም ይጨምራል፤ ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛ፣ ቡናና ማንጎ ከዓመት ወደ ዓመት ግንዳቸው የሚወፍረው በዚህ ነው። የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ የሚደርቀውም ከቅጠል ወደ ሥር ምግብ የሚያወርደው ፍሎየም ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ስለሚነሳ ነው። የማንጎ ወይም የአቮካዶ ችግኝ በማዳቀል፣ ማለትም የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ በማጣበቅ፣ ሊባዛ የሚችለው የሁለቱ ቁራጮች ካምቢየም ተገናኝቶ በአንድነት ስለሚያድግ ነው። ሙዝና እንሰት ግን ይህን የሚፈጽም ካምቢየም ስለሌላቸው በዚህ መንገድ አይዳቀሉም። ሙዝ ከሥሩ በሚወጣው ቡቃያ ይባዛል፤ በእንሰት ደግሞ ገበሬው ከመሬት ሥር ያለውን ኮረት፣ በደቡብ አምቾ የሚባለውን፣ መካከለኛውን እምቡጥ አስወግዶ ይቀብረዋል፤ ከእርሱም ብዙ ችግኞች ይወጣሉ። ለ20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ምግብ የሚሆነው ይህ ተክል ግንድ የሚመስለው አካሉ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለሉ የቅጠል ሰገባዎች ስብስብ ነው። ቀርከሃም ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ይረዝማል እንጂ አይወፍርም። ይህን ሁሉ ለማሳየት ሳጥኑ ቢያንስ የአንድ የቆየ እንጨታማ ግንድ ስላይድ ሊጨምር ይገባው ነበር፤ ራነንኩለስም ሆነ ለጋው የፈረንጅ ሱፍ ግንድ ይህን ዕድገት አያሳዩም። እንዲህ ያለ ስላይድ ለብቻው ስለሚሸጥ አብሮ መግዛቱን እመክራለሁ። ወፍራም ሞኖኮቶች አሉ አይደለም ወይ የሚል ተማሪ ካለ መልሱ አዎን ነው፤ ዘንባባ ወደ ላይ ከመርዘሙ በፊት ውፍረቱን ይጨርሳል፣ ድራሴና ደግሞ ከዳይኮቶች የተለየ የራሱ የመወፈሪያ መንገድ አለው።

የሥር ስላይዶቹ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። በራነንኩለስ ሥር መካከል ዛይለሙ አራት ክንድ ያለው ኮከብ ሠርቶ ይታያል፤ በክንዶቹ መካከል ፍሎየሙ ገብቷል፤ ሁሉንም ደግሞ የኢንዶደርሚስ (የውስጠኛው ሽፋን) ሕዋሳት ከብበውታል። ራነንኩለስ ለኢትዮጵያ እንግዳ ተክል አይደለም፤ ዘመዶቹ በደጋው እርጥብ ሜዳዎች ላይ ይበቅላሉ። በበቆሎው ሥር ግን መካከሉ በለስላሳ ሕዋሳት ተሞልቶ የዛይለም ቱቦዎቹ ብዙ ሆነው በዙሪያው ይደረደራሉ። በእኔ ሳጥን ውስጥ ይህኛው ስላይድ በሽፋን መስታወቱ ሥር የአየር አረፋ ነበረበት፤ አረፋው ከቁራጩ ጫፍ አልፎ ስላልገባ ለመጠቀም አላስቸገረም፣ ነገር ግን ገዢው ከመክፈሉ በፊት ማየት ያለበት ጉዳይ ነው። የሥሩ ውጫዊ አቀማመጥ፣ ማለትም ዋና ሥርና ጭራማ ሥር የሚባለው ልዩነት በስላይድ አይታይም፤ ለዚህ ካሮትና የሣር ጉንጉን ከነአፈሩ ነቅሎ ማሳየት ይበቃል።

አሁን ወደ ደካማው ጎን እንሂድ። የበቆሎው ቅጠል ስላይድ በራሱ ሲታይ ውብ ነው። እያንዳንዱን ጅማት ትላልቅና አረንጓዴ ሕዋሳት በቀለበት ከብበውታል፤ በላይኛው ገጽ ደግሞ ቅጠሉ በድርቅ ጊዜ እንዲጠቀለል የሚያደርጉ ሰፋፊ ሕዋሳት ይታያሉ። ከጎኑ የተቀመጠው የባቄላ ቅጠል ቀለበት የለውም፤ በላይ በኩል ቀጥ ብለው የቆሙ ሕዋሳት፣ በታች በኩል ደግሞ ልል ሆነው የተቀመጡ ሕዋሳት አሉት። ተማሪው ሁለቱን አነጻጽሮ «ሞኖኮት ማለት በጅማቱ ዙሪያ ቀለበት ያለው ነው» ብሎ ቢጽፍ ማን ይወቅሰዋል? ይሁን እንጂ ይህ ቀለበት የሞኖኮትነት ምልክት አይደለም። ቀለበቱ ሲ4 ከሚባለው የፎቶሲንተሲስ ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ አላቸው፤ ስንዴ፣ ገብስና ሩዝ ግን ሞኖኮት ሆነው ሳለ የላቸውም፤ ከዳይኮቶች ወገን ደግሞ የአማራንተስ ዝርያዎች አላቸው። ሳጥኑ ከበቆሎ ይልቅ የስንዴ ወይም የሊሊ ቅጠል ቢያቀርብ ኖሮ ይህ ግራ መጋባት አይፈጠርም ነበር። በቆሎን ማቅረብ ካለበትም ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጽፍለት ይገባ ነበር።

በልጣጮቹም ላይ ያው ችግር ይደገማል። በስንዴው ልጣጭ ስቶማታዎቹ፣ ማለትም የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች፣ በረድፍ የተደረደሩ ሲሆን ቀዳዳውን የሚከፍቱና የሚዘጉት ጠባቂ ሕዋሳቱ ሁለት ጫፋቸው ያበጠ፣ ወገባቸው የቀጠነ ነው። በባቄላው ልጣጭ የኩላሊት ቅርጽ አላቸው፣ አቀማመጣቸውም ረድፍ የለውም። ወረቀቱ ይህን የሞኖኮትና የዳይኮት ልዩነት አድርጎ አስፍሮታል። ነገር ግን ወገበ ቀጭኑ ቅርጽ በዋነኛነት የሣሮችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ነው፤ የሽንኩርትና የሊሊ ጠባቂ ሕዋሳት ከባቄላው ጋር የሚቀራረብ ቅርጽ አላቸው። ይህን ለማረጋገጥ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሽንኩርቱን ሥጋማ ንብርብር ሳይሆን አረንጓዴ ቅጠሉን ወስዶ ስስ ልጣጩን በጥፍር አንሥቶ በአንድ ጠብታ ውኃ ላይ ማስቀመጥና በ400 እጥፍ ማየት ብቻ ነው። ወረቀቱ በተጨማሪ የዳይኮት ስቶማታ በታችኛው ገጽ ብቻ እንደሚገኝ ይናገራል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ባቄላ ራሱ በሁለቱም ገጽ ስቶማታ ያለው ተክል መሆኑ ሠንጠረዡ ከሳጥኑ ጋር ሳይመሳከር እንደታተመ ያሳያል።

የዘር ስላይዶቹን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። የበቆሎው ፍሬ ቁመቱን ተቆርጦ ሽሉ ከስታርች ክምችቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ አንዱ ክክ በዚያ ቦታ ጋሻ ሆኖ ተቀምጦ ከክምችቱ ምግብ እየመጠጠ ለቡቃያው ያቀብላል፣ ከፍሬውም አይወጣም። የካፕሴላው ዘር የታጠፈ ሽል ከሁለት ክኮቹ ጋር ያሳያል፤ ሆኖም ተክሉ ለተማሪዎች እንግዳ፣ ዘሩም እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ከዕለት ኑሯቸው ጋር አይያያዝላቸውም። ሌሊቱን በውኃ የተነከረ ባቄላ ወይም ቦሎቄ ልጣጩን ገፍፎ ለሁለት መክፈት ከዚህ ስላይድ በላይ ያስተምራል፤ ሁለቱ ክኮች በእጅ ይያዛሉ፣ በመካከላቸውም ጥንድ ቅጠል የያዘው ቡቃያ ለዓይን ይታያል።

ዘር ማብቀል ሲጨመርበት ትምህርቱ ይጠናቀቃል። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል፤ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ዳይኮት ሆነው ሳለ ክኮቻቸውን ከመሬት ሥር ይተዋሉ። ሽንኩርት ደግሞ ሞኖኮት ሆኖ ሳለ አንዱን ክኩን ታጥፎ ከአፈር ያወጣል፤ ጥቁሩ የዘር ቅርፊት ብዙ ጊዜ በጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እነዚህን አምስት ዘሮች ጎን ለጎን በአንድ ሳህን እርጥብ አፈር ላይ ያበቀለ ተማሪ የክክ ቁጥርና የክክ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይለያል። ሠንጠረዡ «ሞኖኮት በዘሩ ውስጥ ከክኩ ውጭ የምግብ ክምችት አለው፣ ዳይኮት የለውም» የሚለውን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያፈርሰው ቡና ነው። ቡና ባለ ሁለት ክክ ነው፤ የምንቆላው ፍሬ ግን አብዛኛው ክፍሉ ይኸው ከክክ ውጭ ያለ ክምችት ሲሆን ሽሉ በአንድ ጫፍ የተሸሸገ ጥቂት ነገር ነው። የጉሎ ዘርም እንዲሁ ነው።

የአበባ ዱቄት ስላይዶቹ ከጠበቅሁት በላይ ጠቃሚ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ አስተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ ይዘልሏቸዋል። የሊሊው ዱቄት አንድ ስንጥቅ ያለው ሲሆን የፈረንጅ ሱፉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፣ ገጹም በእሾህ ተሸፍኗል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ተመራማሪዎች ዛሬ ተክሎችን ሲመድቡ ከክክ ቁጥር ይልቅ ብዙ ክብደት የሚሰጡት ለዚህ ልዩነት ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆን ሬይ እ.ኤ.አ. በ1682 ባሳተመው ሥራ አበባ ያላቸውን ተክሎች በክክ ቁጥር ከፋፍሎ ነበር፤ ያ ክፍፍል ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በትምህርት ቤት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንጂዮስፐርም ፋይሎጀኒ ግሩፕ የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ በዲኤንኤ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ አዲስ ምደባ ሲያወጣ ሞኖኮቶች የጋራ አያት ያላቸው አንድ ወገን ሆነው ጸኑ፤ ዳይኮቶች ግን አንድ ወገን አለመሆናቸው ታወቀ። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ክኮች፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ የአበባ ዱቄት ያላቸው፣ ዩዲኮት በሚል ስም ለብቻቸው ተመደቡ። አቮካዶ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋና ገውዝ ባለ ሁለት ክክ ቢሆኑም ከዩዲኮቶች ውጭ ናቸው፤ በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚታየው የውኃ ሊሊም ከሁለቱ ታላላቅ ወገኖች መለያየት በፊት የተነጠለ ጥንታዊ የዘር ሐረግ ነው።

ይህ ሁሉ በዘጠነኛ ክፍል ይሰጥ አልልም። ሆኖም ሠንጠረዡ «የሞኖኮት አበባ በሦስት ብዜት፣ የዳይኮት በአራት ወይም በአምስት» ሲል ተማሪው የአቮካዶን አበባ ቆጥሮ ስድስት ቅጠል ቢያገኝ መምህሩ የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል። በሽንኩርትና በእሬት አበባ ላይ የሦስት ብዜት በደንብ ይታያል፤ በጎመን ዘር አበባ አራቱ ቅጠሎች በግልጽ ይቆጠራሉ። አደይ አበባ ግን ለዚህ ልምምድ የሚሆን አይደለም፤ አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ስለሆነ ዙሪያውን ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች መቁጠር ያሳስታል፤ የሚቆጠረው በመካከሉ ካሉት ጥቃቅን አበቦች የአንዱ ጫፍ ሲሆን እርሱም አምስት ጥርስ አለው። የቅጠል ጅማት ጉዳይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጤፍ፣ የበቆሎና የደንገል ጅማት ትይዩ ነው፤ በእንሰትና በሙዝ ጅማቶቹ ከመካከለኛው ወገብ ተነሥተው ወደ ጠርዙ ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ፤ ጎደሬ ግን ሞኖኮት ሆኖ ሳለ ሰፊ ቅጠል ላይ መረብ መሰል ጅማት አለው፣ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ጎርተብ ደግሞ ዳይኮት ሆኖ ሳለ ትይዩ የሚመስሉ ጅማቶች አሉት። የሠንጠረዡ አዘጋጅ በየመስመሩ «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለውን ቃል ቢጨምር ኖሮ ግማሹ ችግር በተፈታ ነበር።

ሠንጠረዡ ጭራሽ ያላነሳው የልዩነቱን ጥቅም ነው፤ ይህ በእርሻ አገር ለሚሸጥ ዕቃ ትልቅ ክፍተት ነው። ገበሬዎች በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጩት ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዳይኮት አረሞች ገድሎ ሰብሉን የሚተወው የተክል ሆርሞንን የሚያስመስል ኬሚካል ስለሆነና ሣሮች ስለሚቋቋሙት ነው። ያው መድኃኒት በነፋስ ተገፍቶ ወደ ባቄላ፣ ወደ ቲማቲም ወይም ወደ ኑግ ማሳ ቢገባ ጉዳት ያደርሳል፤ የማሳው ባለቤት ሰብሉ በየትኛው ወገን እንዳለ ቢያውቅ ይህን አስቀድሞ ይጠነቀቃል። በአንጻሩ በጤፍ ውስጥ የበቀለ የሣር አረም በዚህ መድኃኒት አይጠፋም፤ በእጅ መታረም ወይም ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ከእርሻ ቤተሰብ ለመጣ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ለትምህርቱ ምክንያት የሚሆነው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሳጥኑን ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ከትምህርት ቤታቸው አቅም ጋር አመዛዝነው ይወስኑ። ቢያንስ 40፣ 100 እና 400 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ለሌለው ትምህርት ቤት ሳጥኑ ብቻውን አይጠቅምም። ማይክሮስኮፕ ኖሮት ስላይድ ለመግዛት አቅም ያነሰው ደግሞ በአዲስ ምላጭ፣ በውኃና በቀይ የምግብ ቀለም ብዙ ሊሠራ ይችላል፦ የበቆሎና የቦሎቄ ቡቃያ ሥራቸው ተቆርጦ በቀለሙ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ከቆሙ በኋላ ግንዳቸው አግድም በስሱ ሲቆረጥ ቀዩ ነጥብ በአንዱ ተበትኖ፣ በሌላው በቀለበት ሆኖ ይታያል። ካምቢየሙን በዚህ መንገድ ማየት አይቻልም፤ ሳጥኑ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚበቃው ሙሉውን ሳጥን ለመግዛት ካልሆነ፣ ሻጩ ነጠላ ስላይድ የሚሸጥ ከሆነ፣ የሁለቱን ግንዶች፣ የሁለቱን ሥሮችና የሁለቱን የአበባ ዱቄቶች ስላይድ ብቻ ገዝቶ ቅጠሉንና ዘሩን ከገበያ ማምጣት የተሻለ ነው።

በመደብሩ ውስጥ ሳጥኑ ተከፍቶ መታየት አለበት። እያንዳንዱ ስላይድ ወደ ብርሃን ሲያዝ ቀይና አረንጓዴ ቀለሙ ተለይቶ መታየት ይገባዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሐምራዊ ከሆነ የቀለም ሥራው አልተሳካም። የሽፋን መስታወቱ ጠርዝ ከተላቀቀ፣ አረፋው በቁራጩ ላይ ካረፈ፣ ወይም ቁራጩ ታጥፎ ከተደራረበ ስላይዱ እንዲቀየር መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ በመለያ ወረቀቱ ላይ «የሞኖኮት ግንድ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ስላይድ አይገዛ፤ የተክሉ ስም ካልተጻፈ መምህሩ የሚያየው ነገር የሞኖኮቶች ሁሉ ባሕርይ ይሁን የዚያ ተክል ብቻ ሊለይ አይችልም። ሳጥኑ ከተገዛ በኋላ ስላይዶቹ ጋደም ብለው፣ ከፀሐይ ብርሃን ርቀው መቀመጥ አለባቸው፤ ብርሃን ሲበዛባቸው ቀለማቸው ይለቃል፣ ቀዩም ከአረንጓዴው መለየቱ እየቀነሰ ይሄዳል።